አቲክ ላይ ዕቃ ከመጫንዎ በፊት፦ የጣሪያውን አጥንት መለየትና ቆጥ መሥራት

አናጢ ነኝ፤ የምሠራው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ነው። በዚህ አካባቢ ቤት የገዙ ወገኖቻችን ስለ አቲክ (በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ስላለው ቦታ) አንድ ጥያቄ ሳይሰለቹ ይጠይቁኛል፤ «አቲኩ ባዶውን ተቀምጧል፣ ጣውላ አንጥፈን ዕቃ ብናስቀምጥበትስ?» ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እናት ከአገር ቤት ልትመጣ ስትል ወይም ልጅ ተወልዶ አንድ ክፍል መለቀቅ ሲኖርበት ነው። መልሴ ሁልጊዜ ያው ነው፤ የሚወስነው የጣሪያው አሠራር ነው። ከውጭ መንታ የሚመስሉ ሁለት ቤቶች ጎን ለጎን ቆመው፣ አንደኛው ከኮርኒሱ በላይ ዕቃ ይችላል፤ ሌላው ከራሱ ኮርኒስ በቀር ምንም እንዲሸከም አልታሰበም።

ስለዚህ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ይከተሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ገንዘብ አያስወጡም፤ እነርሱን ሳይጨርሱ አንድም ጣውላ አይግዙ። በጽሑፉ ውስጥ «ቆጥ» የምለው ከኮርኒሱ በላይ የሚሠራውን የዕቃ ማስቀመጫ ወለል ነው። «መከላከያ» የምለው ደግሞ ኢንሱሌሽን የሚባለውን፣ ሙቀትና ብርድ የሚከለክለውን ጥጥ መሳይ ነገር ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለምርመራው፦
- በግንባር የሚታሰር ባትሪ (ሁለቱም እጆችዎ ነፃ መሆን አለባቸው)
- ሜትር፣ እርሳስና ወረቀት
- ኤን 95 የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ጓንት፣ እጀ ረጅም ልብስ
- የሰው ክብደት መለኪያ ሚዛን
- 2 ጫማ በ 4 ጫማ የሆነ አንድ ቁራጭ ፕላይውድ፣ ለመረገጫ

ለሥራው፦
- ውፍረቱ ከኢንች አምስት ስምንተኛ የሆነ ፕላይውድ ወይም ኦ ኤስ ቢ (ከእንጨት ስንጥር ተጣብቆ የሚሠራ ሰሌዳ)፣ 2 በ 4 ጫማ ሆኖ የተቆረጠ
- 2 በ 10 እንጨት (ቁጥሮቹ የውፍረቱና የጥልቀቱ መጠሪያ በኢንች ናቸው፤ እውነተኛው ልክ ትንሽ ያንሳል። የሚያስፈልገው ልክ እንደ መከላከያው ውፍረት ይለያያል፤ ደረጃ 6ን ይመልከቱ)
- 2 ኢንች ርዝመት ያላቸው ብሎኖች፣ ለ 2 በ 10 እንጨቶቹ ማሰሪያ የሚሆኑ የብረት ማዕዘኖችና የእነርሱ ብሎኖች
- በባትሪ የሚሠራ መሰርሰሪያ፣ መጋዝ፣ ውሃ ልክ

ከመውጣትዎ በፊት

በበጋ ወራት አቲክ ውስጥ ሙቀቱ ከ120 ዲግሪ ፋራናይት ያልፋል። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ እዚያ ገብቶ መሥራት ራስን ስቶ መውደቅን መጋበዝ ነው። ጠዋት በማለዳ ይሥሩ፤ ቢቻል ደግሞ መጸው እስኪገባ ይታገሡ። ብቻዎን አይውጡ፤ ታች ሆኖ ድምፅዎን የሚሰማ ሰው ይኑር።

ከእንጨት በቀር ምንም ነገር አይርገጡ። በእንጨቶቹ መካከል ያለው የጂፕሰም ኮርኒስ ግማሽ ኢንች ብቻ ነው፤ ሰው አይችልም። በመከላከያ ስለሚሸፈን ወለል ይመስላል፤ ብዙ ሰው እግሩን አሾልኮ ሳሎን ላይ ያንጠለጠለው በዚህ ምክንያት ነው። ቁራጭ ፕላይውዷን በሁለት እንጨቶች ላይ አጋድመው በእርሷ ላይ ይንበርከኩ፤ ወደፊት ሲሄዱም አብረው ያንቀሳቅሷት።

መከላከያው ጥጥ ሳይሆን ግራጫ ወይም ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ ጠጠር መሳይ ነገር ከሆነ ቬርሚኩላይት ነው። አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አይንኩት፣ አይጥረጉት፤ መዝጊያውን ዘግተው ይውረዱና ፈቃድ ያለው መርማሪ ይጥሩ። በድሮ ቤቶች ውስጥ ደግሞ በነጭ የሸክላ ማቀፊያዎች ላይ ተወጥሮ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካዩ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳያየው ምንም ነገር አይሥሩበት።

1. ትራስ ነው ወይስ ራፍተር? ይለዩ

በመግቢያው ቀዳዳ ራስዎን ብቻ አውጥተው ባትሪውን ያብሩ፤ ገና አይግቡ። ትራስና ራፍተር የሁለት ዓይነት የጣሪያ አጥንት የእንግሊዝኛ ስሞች ናቸው (ትራስ ስል የራስ ትራስ ማለቴ አይደለም)፤ ለመለየት የሚረዳዎት የራሳችን ፊደል ነው።

የሚያዩት «ለ»ን ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ከግራና ከቀኝ ግድግዳ ተነሥተው አናት ላይ የሚገናኙ ሁለት ተዳፋት እንጨቶች ከሆኑና መሐሉ ክፍት ከሆነ፣ ጣሪያዎ የራፍተር ጣሪያ ነው። እንጨቶቹ ወፍራም ናቸው፤ 2 በ 6፣ 2 በ 8 ወይም ከዚያ በላይ። ከታች ኮርኒሱን የያዙት አግድም ተሸካሚዎች አብዛኛውን ጊዜ በየ16 ኢንቹ ተደርድረዋል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ በፊት የተሠሩ ቤቶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

በ«ለ»ው ሆድ ውስጥ «ሠ»ን የሚመስሉ ሰያፍ እንጨቶች ካሉ ግን ትራስ ነው። እንጨቶቹ ቀጫጭን ናቸው፤ በአብዛኛው 2 በ 4። ርቀታቸው በየ24 ኢንቹ ነው። መገጣጠሚያቸው ላይ በሚስማር ፋንታ ጥርስ ያለው የብረት ሰሌዳ ተጭኖ ታያላችሁ። ይህ ሰሌዳ ካለ መጠራጠር አያስፈልግም፤ ትራስ ነው።

ልዩነቱ ለምን ይጠቅማል? በትራስ ውስጥ እያንዳንዱ ቀጭን እንጨት ወይ እየተሳበ ወይ እየተገፋ ነው፤ አንዳቸውም ለጌጥ አልተቀመጡም። ሻንጣ ማሳለፊያ ፍለጋ አንዱን ሰያፍ የቆረጠ ሰው፣ ያ እንጨት ተሸክሞት የነበረውን ኃይል ባልተዘጋጁ ጎረቤቶቹ ላይ ጣለው ማለት ነው። ጣሪያው በዚያው ቀን ላይወድቅ ይችላል፤ በረዶ የከበደበት የጥር ሌሊት ግን ይጠብቀዋል። የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንቡም ያለ መሐንዲስ ፈቃድ ትራስን መቁረጥን፣ መፈልቀቅንና መብሳትን ይከለክላል።

የራፍተር ጣሪያም የማይነካ ነገር አለው። ተዳፋቶቹ እንጨቶች በበረዶውና በጣሪያው ክብደት ግድግዳዎቹን ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ግፊቱን የሚይዙት የኮርኒሱ አግድም ተሸካሚዎች ናቸው። ለመሰላል ሰፊ ቀዳዳ ለመክፈት ሁለት ተሸካሚ መቁረጥ የቤቱን ቀበቶ መፍታት ነው፤ ስለዚህ በቀዳዳው ዙሪያ የሚገባው ማጠናከሪያ በባለሙያ መሠራት አለበት።

ሁለት ዓይነት ትራሶች ከተለመደው ይለያሉ። አንደኛው መሐሉ ላይ እንደ ክፍል ያለ ባለ አራት ማዕዘን ክፍት ቦታ ያለው፣ የታችኛው እንጨቱም ጥልቅ የሆነ ነው፤ የአቲክ ትራስ ይባላል፤ ከጅምሩ ለዕቃ ወይም ለመኖሪያ የተነደፈ ነው። ሌላው የታችኛው እንጨቱ እንደ መቀስ ወደ ላይ የሚሾል ነው፤ ከሥሩ ያለው ኮርኒስም አብሮ ወደ ላይ ያዘነብላል። በእርሱ ላይ ዕቃ የሚቀመጥበት ነገር የለም፤ እዚህ ላይ ንባብዎን ማቆም ይችላሉ።

ሁሉንም አቅጣጫ ይመልከቱ። ዋናው ቤት በትራስ ተሠርቶ፣ ኋላ የተጨመረው ክፍል ወይም ጋራዡ በራፍተር የሆነበት ቤት ጥቂት አይደለም።

2. የሚችለውን ክብደት ይወቁ

ደንቡ የአቲክን ጭነት በሦስት ይከፍላል። ዕቃ ለማይቀመጥበት አቲክ በአንድ ካሬ ጫማ 10 ፓውንድ፣ የተወሰነ ዕቃ ለሚቀመጥበት 20 ፓውንድ፣ ቋሚ ደረጃ ላለው ወይም ለመኖሪያነት ለታሰበ 30 ፓውንድ። እነዚህ ቁጥሮች ለአዲስ ግንባታ የሚጠየቁ ዝቅተኛ ልኮች ናቸው፤ የእርስዎ ቤት የቱን እንደሚችል ግን በማየት ብቻ አይታወቅም።

ትራስ ከሆነ፦ እያንዳንዱ ትራስ በፋብሪካ ሲሠራ የመሐንዲስ ማኅተም ያለበት ሥዕል አለው። ቤቱ አዲስ ከሆነ ሠሪው ድርጅት፣ ካልሆነም የካውንቲው የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ሊኖረው ይችላል። በሥዕሉ ላይ የጭነት ሰንጠረዥ አለ፤ ከዚያ ውስጥ «ቢ ሲ ኤል ኤል» (BCLL) የሚለውን መስመር ይፈልጉ። የታችኛው እንጨት የሚችለው ተንቀሳቃሽ ጭነት ማለት ነው። «0» ወይም «10» ካለ ቆጥ አይሥሩ። «20» ካለ ይቻላል፤ ያውም ሰያፎቹ በሚተዉት ክፍተት ውስጥ 24 ኢንች ስፋትና 42 ኢንች ቁመት ያለው ሣጥን ሊገባ በሚችልበት ቦታ ብቻ ነው፤ የ20 ፓውንዱ ስሌት የሚሠራው ለዚያ ቦታ ስለሆነ። ሥዕሉ ከጠፋ ግምት አይሠራም፤ የስትራክቸር መሐንዲስ መጥቶ ይይ።

ራፍተር ከሆነ፦ የኮርኒሱን ተሸካሚዎች ሦስት ነገር ይለኩ፤ ጥልቀታቸውን፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት፣ እና ከድጋፍ እስከ ድጋፍ ያላቸውን ርዝመት። ብዙ ሰው ሦስተኛውን ይዘነጋል፤ ዋናው ግን እርሱ ነው። በአንድ ዓይነት ጭነት ሥር ርዝመቱ እጥፍ የሆነ እንጨት 16 እጥፍ ይጎብጣል። ጥልቀትም እንዲሁ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ 2 በ 8 እንጨት ከ 2 በ 6 ከሁለት እጥፍ በላይ ግትር ነው፣ ጥልቀቱ በሁለት ኢንች እንኳ ሳይበልጥ። ሦስቱን ቁጥሮችና ካገኙት ደግሞ በእንጨቱ ላይ የታተመውን የደረጃ ምልክት ይዘው በካውንቲዎ ከሚሠራበት ደንብ ሰንጠረዥ ጋር ያስተያዩ፤ ለ 10 ፓውንድና ለ 20 ፓውንድ የተለያዩ ሰንጠረዦች አሉ። በ 20 ፓውንዱ ሰንጠረዥ የተፈቀደው ርዝመት ከእርስዎ ልክ ካነሰ፣ እንጨቶቹ ሳይጠናከሩ አይጫኑ።

ድጋፉ የት እንዳለ እንዴት ይታወቃል? ተሸካሚዎቹን ተከትለው ወደ ቤቱ መሐል ይሂዱ። ከሁለት ወገን የመጡ እንጨቶች ተደራርበው የተቸነከሩበትን ቦታ ካገኙ፣ ከሥሩ ክብደት የሚሸከም ግድግዳ አለ። ይህን በትራስ ቤት ላይ አይሞክሩ፤ ትራስ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ግድግዳ እስከ ውጭ ግድግዳ ስለሚዘረጋ መሐል ያለው ግድግዳ ክፍል ማካፈያ ብቻ ሊሆን ይችላል።

3. ዕቃዎን ይመዝኑ

ይህን ደረጃ ሁሉም ሰው ሊዘለው ይፈልጋል። ለእኛ ሰው ግን ከዚህ የሚቀል የለም፤ የአውሮፕላን ሻንጣ ክብደት ጠንቅቆ የማያውቅ ማን አለ? አንድ ሙሉ ሻንጣ 50 ፓውንድ ነው። ሲጋደም የሚይዘው ቦታ ወደ 4 ካሬ ጫማ ይሆናል። 50ን ለ 4 ሲያካፍሉ በካሬ ጫማ ከ12 ፓውንድ በላይ ይመጣል። አንድ ረድፍ ሙሉ ሻንጣ ብቻውን የ 10 ፓውንዱን አቲክ አለፈው ማለት ነው፤ ሁለተኛ ረድፍ ሲደረብ የ 20 ፓውንዱንም ያልፋል።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ነበር። የልጆቹ መኝታ ክፍል ኮርኒስ ላይ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ወጥቷል፤ የብሎኖቹ ራሶች በቀለሙ ሥር እንደ ብጉር ተነሥተዋል። ወጥቼ ሳይ በትራሶቹ ላይ ቀጭን ጣውላ ተነጥፎ 14 ሻንጣዎች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። የቤቱ እመቤት «ወንድሜ፣ ልብስ ብቻ እኮ ነው» አሉኝ። አንዱን አውርደን ሚዛን ላይ አቆምነው፤ 47 ፓውንድ። ሌላውንም መዘንን፤ ከዚያ ብዙ አልራቀም። ልጆቹ ከሚተኙበት በላይ ከ600 ፓውንድ በላይ ነበር። ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ ስናወርድ ወይዘሮዋ እያንዳንዱን በእጃቸው እየነኩ ይቆጥሩ ነበር።

መጽሐፍ ከልብስ የከፋ ነው። 16 በ 12 ኢንች የሆነ ትንሽ የጓዝ ካርቶን መጽሐፍ ሲሞላ 40 ፓውንድ በቀላሉ ይደርሳል፤ የሚቀመጥበት ቦታ ግን ከአንድ ካሬ ጫማ ከሲሶ አይበልጥም። እንዲህ ያሉ ካርቶኖች ጎን ለጎን ሲደረደሩ በካሬ ጫማ 30 ፓውንድ ይሆናል። መጽሐፍ፣ ሰነድ፣ ሙቀጫና ድስት ታች ይቅሩ።

አሠራሩ ይህ ነው፦ ሊያስቀምጡ ያሰቡትን ሁሉ በሰው ሚዛን ይመዝኑ፣ ይደምሩ፣ ቆጡ ለሚኖረው ካሬ ጫማ ያካፍሉ። በዚያ ላይ የቆጡን የራሱን ክብደት ይጨምሩ፤ ፕላይውዱና ከሥሩ ያሉት እንጨቶች ተደምረው በካሬ ጫማ 3 ተኩል ፓውንድ ያህል ናቸው። 20 የሚችል አቲክ ላይ እኔ ዕቃውን ከ15 አላሳልፍም።

4. የማይሸፈነውንና የማይዘጋውን ምልክት ያድርጉ

የጣሪያው ጠርዝ ላይ፣ ከግድግዳው በላይ፣ አየር የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። አየሩ ከዚያ ገብቶ በአናት ይወጣል፤ ካልወጣ እርጥበት በክረምት በጣሪያው እንጨት ላይ ይጤዛል፣ ከዚያም ሻጋታ ይከተላል። ቆጡ ከጠርዙ ቢያንስ 2 ጫማ ይራቅ።

ማሞቂያው ወይም ማቀዝቀዣው አቲክ ውስጥ ከሆነ ከፊቱ 30 በ 30 ኢንች ቦታ፣ ወደ እርሱ የሚያደርሰውም 24 ኢንች ስፋት ያለው መንገድ ክፍት ይሁን። ደንቡ ለጥገና ባለሙያው ሲል የሚጠይቀው ልክ ነው። የጋዝ ጭስ ማውጫውን ብረት ካርቶንም እንጨትም አይንካው። ከኮርኒሱ የሚወጡት የመብራት ቆርቆሮዎች በመከላከያ ለመሸፈን የተፈቀደላቸው ካልሆኑ 3 ኢንች ዙሪያቸው ባዶ ይቅር፤ ሲታፈኑ ይግላሉ፣ እሳትም ያስነሣሉ።

በሜሪላንድ አዲስ ቤት ያላችሁ ይህን በተለይ አስተውሉ፦ የእሳት ማጥፊያ ውሃ የሚሄድበት ብርቱካንማ የፕላስቲክ ቧንቧ በአቲኩ ውስጥ ሊያልፍ ይችላል፤ መከላከያው ሆን ተብሎ በላዩ እንደ ድንኳን ተደርጎ ይለብሳል። ለቆጥ ብላችሁ ከገፈፋችሁት የጥር ብርድ ቧንቧውን አቀዝቅዞ ይሰነጥቀዋል፤ ቤቱም ከላይ እስከ ታች በውሃ ይሞላል። ያንን ቦታ ተዉት።

5. ቦታ ይምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ 8 ጫማ በ 8 ጫማ ይበቃል። አቲኩን በሙሉ የሸፈነ ሰው በሙሉ ይሞላዋል። በራፍተር ቤት ደረጃ 2 ላይ ያገኙት ተሸካሚ ግድግዳ ባለበት ግራና ቀኝ ይሥሩ፤ ከባዱን ዕቃ ከግድግዳው በላይ፣ ቀላሉን ወደ ዳር። ተሸካሚ እንጨት የሚጎብጠው በሁለት ድጋፎች መሐል ሲጫን ነው፤ ከድጋፉ አጠገብ ሲጫን ክብደቱ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ይወርዳል።

6. ቆጡን ከመከላከያው በላይ ከፍ አድርገው ይሥሩ

ትልቁ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ሰው ፕላይውዱን በቀጥታ ተሸካሚዎቹ ላይ ይቸነክርና መከላከያውን ይጨፈልቀዋል። መከላከያ የሚሠራው በውስጡ በያዘው አየር ነው፤ የተጨፈለቀ ጥጥ ብርድን አያቆምም። ልዩነቱ በጥር የማሞቂያ ሂሳብ ላይ ይታያል። በዚህ አካባቢ ባሉ አዳዲስ ቤቶች የተነፋው የፋይበርግላስ መከላከያ ከ14 እስከ 16 ኢንች ሊወፍር ይችላል፤ የተሸካሚው እንጨት ጥልቀት ግን 2 በ 6 ከሆነ 5 ኢንች ተኩል ብቻ ነው።

ሀ. ቆጡ በሚያርፍበት ቦታ ብቻ መከላከያውን በእጅዎ ቀስ አድርገው ወደ ጎን ይግፉት፤ የእንጨቶቹ አናት ይታይ። አይጫኑት፣ አይጣሉት፤ ኋላ ይመልሱታል።

ለ. የኤሌክትሪክ ሽቦዎች የት እንደሚሄዱ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። በእንጨቶቹ አናት ላይ የሚያልፍ ሽቦ ካለ ቦታውን ይለውጡ ወይም ባለሙያ ያዛውረው። ሽቦ በፕላይውድ ሥር ተጨፍልቆ መቅረት የለበትም።

ሐ. 2 በ 10 እንጨቶችን በጠርዛቸው አቁመው ከተሸካሚዎቹ ጋር መስቀልኛ ያስቀምጡ፤ በመካከላቸው ከመሐል እስከ መሐል 24 ኢንች ይሁን። የ 2 በ 10 እንጨት እውነተኛ ጥልቀት 9 ኢንች ከሩብ ነው፤ ከሥሩ ካለው 5 ኢንች ተኩል ጋር ሲደመር 14 ኢንች ከሦስት ሩብ ይሰጥዎታል። መስቀልኛ የሚቀመጡት ክብደቱ በአንድ ተሸካሚ ላይ ከሚያርፍ በብዙዎቹ ላይ እንዲከፋፈል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ 2 በ 10 ቢያንስ አራት ተሸካሚዎች ላይ ይረፍ።

መ. በእያንዳንዱ መስቀለኛ ላይ በብረት ማዕዘንና በብሎን ያሥሩ። ሚስማር አይጠቀሙ። የመዶሻው ምት ከታች ያለውን ጂፕሰም ያናጋዋል፤ የሳሎንዎ ኮርኒስ ይሰነጠቃል፣ የብሎኖቹ ራሶችም ብቅ ብቅ ይላሉ። በመሰርሰሪያ የሚገባ ብሎን ግን አይመታም፤ ተሳስተው ቢሆንም ተመልሶ ይወጣል። የዳሮቹ እንጨቶች እንዳይጋደሙ በየጫፋቸው ቁራጭ እንጨት መካከላቸው ይግባ።

ሠ. የገፉትን መከላከያ በ 2 በ 10ዎቹ መካከል መልሰው ሳይጨቁኑ ይሙሉት።

ረ. ፕላይውዱን ያንጥፉ። ሙሉ ሰሌዳ በአቲክ ቀዳዳ ስለማይገባ ነው 2 በ 4 ጫማ ሆኖ እንዲቆረጥ ያልኩት፤ አብዛኞቹ የእንጨት መሸጫዎች በክፍያ ወይም በነፃ ይቆርጡልዎታል። የእያንዳንዱ ሰሌዳ ጫፍ እንጨት ላይ ይረፍ፤ አየር ላይ የተንጠለጠለ ጫፍ ሲረገጥ ይሰበራል። በሰሌዳዎቹ መካከል የኢንች አንድ ስምንተኛ ክፍተት ይተዉ፤ በእርጥበት ወራት እንጨት ያብጣልና ክፍተት ካጣ ወደ ላይ ይነሣል። ብሎኖቹን በየ8 ኢንቹ ያስገቡ።

ይህ አሠራር ለራፍተር ቤት ነው። ሥዕሉ 20 ፓውንድ ለሚፈቅድ ትራስም ይሆናል፤ የታችኛው እንጨት 3 ኢንች ተኩል ስለሆነ ጠቅላላ ከፍታው ግን 12 ኢንች ከሦስት ሩብ ብቻ ይሆናል። መከላከያዎ ከዚያ ከወፈረ 2 በ 12 ይጠቀሙ፤ ክብደቱንም በስሌቱ ውስጥ ይጨምሩ። ተሸካሚዎቹ ደካማ ሆነው ጎን ለጎናቸው አዲስ እንጨት በመጨመር ማጠናከር ካሰቡ፣ ያ የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ አዲሱ እንጨትም ከድጋፍ እስከ ድጋፍ ሙሉ ካልደረሰ እንደ ሌለ ይቆጠራል።

7. መሰላሉን ያስተካክሉ

ተጣጣፊ የአቲክ መሰላል በላዩ የክብደት ልክ ተጽፎበታል፤ ከ250 እስከ 375 ፓውንድ የሚችሉ የተለመዱ ናቸው። ልኩ እርስዎንና የያዙትን ዕቃ አንድ ላይ ነው የሚቆጥረው። 200 ፓውንድ የሚመዝን ሰው 50 ፓውንድ ሻንጣ ይዞ የ250ውን መሰላል ጨረሰው። የመሰላሉ እግሮች ወለሉን ሙሉ በሙሉ መርገጥ አለባቸው፤ ክፍተት ካለ ማጠፊያው ላይ ይሰበራል።

ሻንጣ በአንድ እጅ አንጠልጥለው በሌላው መሰላል አይያዙ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው እዚህ ቃል በቃል ይደርሳል። አንድ ሰው ላይ ሆኖ ይቀበል፣ አንድ ሰው ታች ሆኖ ያቀብል። የመዝጊያውን ጀርባ በመከላከያ ይሸፍኑ፣ ጠርዙንም በማሸጊያ ይዝጉ፤ አለበለዚያ ያሞቁት አየር በዚያ ቀዳዳ ይወጣል።

8. ዕቃውን ይጫኑ

ከባዱ ታችና ከድጋፉ አጠገብ፤ ክምሩ ከጉልበት ከፍታ አይለፍ። ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሣጥን ይጠቀሙ፤ ካርቶን እርጥበት ይስባል፣ አይጥም ይወደዋል።

አቲክ ውስጥ ሊቀመጡ የማይገባቸውን ነገሮች ብዙ ጊዜ አግኝቻለሁ። በርበሬና ሽሮ በሙቀቱ መዓዛቸውን ያጣሉ፣ ነቀዝና አይጥ ይጠራሉ። ጧፍና ሻማ ይቀልጣል። መሶብ በበጋ ይደርቅና ስፌቱ ይሰነጠቃል። የሀበሻ ልብስ በሙቀትና በእርጥበት መፈራረቅ ቢጫ ያበጃል፤ የሠርግ ካባዎን ከልብስ ሳጥንዎ አያውጡት። የድሮ ፎቶግራፍ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የዜግነት ወረቀት፣ ቀለም፣ የጋዝ ጣሳ፣ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ሁሉ ታች ይቀመጥ። ባዶ ሻንጣ፣ የፕላስቲክ የገና ዛፍ፣ የተጣጠፈ የሕፃን አልጋ፣ የካምፕ ድንኳን እዚያ ይመቻቸዋል።

9. ከአንድ ወር በኋላ ይመልከቱ

ከመጫንዎ በፊት ከቆጡ ሥር ያለውን ኮርኒስ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ከወር በኋላ ከዚያው ቦታ ደግመው ያንሡና ያስተያዩ። ቀጥ ያለ አዲስ ስንጥቅ፣ ብቅ ያለ የብሎን ራስ፣ በደንብ ይዘጋ የነበረና አሁን የማይዘጋ በር ካዩ፣ ጊዜ ሳይሰጡ ዕቃውን ያውርዱ። እንጨት ጭነት ሲቆይበት ቀስ በቀስ እየጎበጠ ይሄዳል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ያልታየ ነገር በሦስተኛው ወር ሊታይ ይችላል።

ብዙ የማገኛቸው ስሕተቶች

ሰው እኔ ወጥቼ ቆሜበት ምንም አልሆነም ይላል። አንድ ሰው ለአምስት ደቂቃ መቆሙና 600 ፓውንድ ለአሥር ዓመት መቀመጡ አይገናኙም። ሌላው፣ ዕቃን ከራፍተሩ ወይም ከትራሱ ሰያፎች በገመድ ማንጠልጠል ነው፤ ብስክሌት እንኳ ቢሆን የትራስ ሰያፍ ለዚያ አልተነደፈም። ታውንሃውስ ያላችሁ ደግሞ ከጎረቤት የሚለያችሁን ግድግዳ በአቲክ ውስጥ አትብሱት፤ እሳት እንዳይሻገር የተሠራ ነው። በመጨረሻም፣ የመታጠቢያ ቤት አየር ማውጫ ቱቦ ላይ ዕቃ ጭኖ ማጣመም፤ ቱቦው ሲጣመም እንፋሎቱ ወደ አቲኩ ይመለሳል።

ቤቱ ገና ካልተሠራ

አዲስ ቤት የምታስገነቡ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ ምርጫው አሁን በእጃችሁ ነው። ተራ ትራስ ከተተከለ በኋላ የአቲክ ትራስ ማድረግ እጅግ ውድ ነው። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሠሪውን ሦስት ነገር ጠይቁ።

የአቲክ ትራስ ዋጋውን ምን ያህል ይጨምራል? ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ የቤቱን ስፋት ግማሽ ያህል ይሆናል፤ የጣሪያው ተዳፋት ግን ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ጣሪያው ለጥ ያለ ከሆነ መሐሉ ላይ እንኳ ቀና ብሎ የሚቆም ሰው አይኖርም። ኋላ መኝታ ክፍል አደርገዋለሁ ካሉ ከጅምሩ ለ 30 ፓውንድና ለቋሚ ደረጃ ይነደፍ።

በጀቱ ካልፈቀደ፣ ከጋራዡ በላይ ያሉትን ትራሶች ብቻ ለ 20 ፓውንድ ማስነደፍ ይቻላል ወይ? እኔ ብዙ ጊዜ የምመክረው ይህንን ነው፤ ሳሎንና መኝታ ቤት ከሥሩ ስለሌለ ኮርኒሱም መከላከያውም ጭንቀት አይሆንም።

ሦስተኛው፣ ሳሎኑ ከፍ ያለና ወደ ላይ የሚሾል ኮርኒስ እንዲኖረው ከመረጣችሁ ከዚያ በላይ ዕቃ ማስቀመጫ እንደማይኖር አስቀድማችሁ እወቁ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም።

ትራሶቹ ተተክለው ጂፕሰሙ ሳይገጠም በፊት ሄዳችሁ እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አንሡ፤ ሽቦውና ቧንቧው የት እንደሚሄድ ኋላ የሚያሳያችሁ እርሱ ነው። ማኅተም ያለበትን የትራስ ሥዕል ቅጂ ተቀበሉ። የተፈቀደውን ክብደት በወፍራም ብዕር በወረቀት ላይ ጽፋችሁ በፕላስቲክ ሸፍኑና በአቲኩ መዝጊያ የውስጥ ገጽ ላይ ለጥፉት፤ መሰላሉን የሚያወርድ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ይሁን።